በግድግዳው በኩል ያለው ቀዳዳ

ትኩሳት ይዞት በቤቱ ተጋድሞ «ነገ ይለቀኛል» የሚል ሰው ካለ ይህን ያንብብ፤ ማንበብ ከከበደው ያስነብብ። እኔ ያንኑ ቃል ስል ከርሜ፣ ቀባሪዎቼ አካፋ አሰናድተውልኝ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ የተመለስሁ ሰው ነኝ።

ይመር እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው፤ የሸመገልሁትም እዚያው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ከለየሁ በኋላ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖርሁ። የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈትቶ መግጠምም ማንም አላሳየኝም። ዛሬ ከአርዲቦ ዳር እስከ ውጫሌ ድረስ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ሞተሩ አልነሳ ሲለው የሚያስጠራው እኔን ነው። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች «አልቆለታል» ብለው የተዉትን ሞተር በአንድ ጠዋት አስነስቼ፣ ውሃው ሲፈስ ባለቤቱ ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ አይቻለሁ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ የሆነ ነገር ስለሆነ ነው።

ወባንም እንዲሁ በራሴ ተማርሁ። ከሬዲዮ ሰማሁ፤ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቆሜ አነበብሁ፤ ያልገባኝን ባለሙያዎቹን ጠየቅሁ። የእኛ ሰው ወባ የቆላ በሽታ ነው ይል ነበር። ሐይቅ ነፋሻ ነው፣ ቢንቢ ቢኖርም ወባ የለባትም ይላል። እኔ ግን ከዝናቡ በኋላ ቄጠማው ሥር፣ መስኖው ዳር፣ ብሎኬት ለማምረት አፈር በተቆፈረበት ጉድጓድ የሚያቁረውን ውሃ እያሳየሁ ተከራከርሁ። ሌላ አገር እድር የሚባለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ያ ቅሬ የወባን ነገር በእኔ ላይ ጣለ። ያቆረ ውሃ ለማፋሰስ ሰው አስወጣሁ። አጎበር ሲታደል ቤት ለቤት እየዞርሁ መሰቀሉን አየሁ። ያልሰቀለውን በቅሬው ስብሰባ ላይ ስሙን ጠራሁ።

ስማቸውን ከጠራሁባቸው አንዱ ተገኘ ነው። ተገኘ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እኔ በመውሊድ፣ እሱ በሚካኤል ስንጠራራ የኖርን ሰዎች ነን። አጎበሩን ጫጩቶቹን ከጭልፊት ለመከላከል ጎጇቸው ላይ ወጥሮት አገኘሁት። ስብሰባ ላይ አስነስቼ፣ «ይህ ሰው ከልጆቹ ዶሮዎቹን ያስበልጣል» አልሁ። ሰው ሳቀ። ተገኘ ነጠላውን አስተካክሎ፣ «ጭልፊቱን አንተ ትጠብቅልኛለህ?» አለና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አጠረ። ያልሁት ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው።

የራሴን አጎበር በራሴ እጅ ነው የሰቀልሁት። አዲስ ነው፤ ሰማያዊ ነው፤ መድኃኒት የተነከረ ነው። የእኔ በሆነ ነገር ላይ ስሜን መጻፍ እወዳለሁ። መዶሻዬ ላይ አለ፤ የሞተር ቁልፎቼ ላይ አለ። የአጎበሩም ጠርዝ ላይ በማይለቅ ቀለም «ይመር» ብዬ ጻፍሁ፤ ከዚያም ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ወተፍሁት። አልጋዬ ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። ማታ ሬዲዮ ስለማዳምጥ ባለቤቴ ዘይነባ የምትተኛው በጓዳ በኩል ነው።

ክረምቱ ሲወጣ እህቴ ከድጃ ካለችበት ከአምባሰል፣ የጎረቤቷ ሞተር ተበላሽቶ ተጠራሁ። ደጋ ነው፤ እዚያ ወባ አይታወቅም። ጥቂት ቀን ሰንብቼ ተመለስሁ። የተመለስሁ ሰሞን ማታ ጋደም ስል ጆሮዬ ሥር የትንኝ ድምፅ ሰማሁ።

«ዘይነባ፣ ትንኝ ይሰማኛል» አልሁ።

«ከአጎበሩ ውጭ ናት፤ ይተኙ» አለችኝ ከጓዳ።

እጄን ሰድጄ በእኔ በኩል ያለውን ጠርዝ ዳሰስሁ። በደንብ ተወትፏል። ተኛሁ።

ግሸን ተሳልመው የሚመለሱ ምእመናንን የጫኑ አውቶቡሶች በከተማችን ማለፍ ሲጀምሩ ሕመሙ ያዘኝ። መጀመሪያ ጉልበቴና ወገቤ ተቆረጠመ። ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ብርድ ገባኝ፤ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጥሁ። ብርዱ ሲለቀኝ ትኩሳቱ ተነሳ፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ላብ አጠመቀኝ። በማግስቱ ደህና ሆኜ ሞተር ልፈታ ወጣሁ፤ ማታ እንደገና ጣለኝ። ከንፈሬ ዙሪያውን ቆሰለ።

«ምች ነው» አለች ዘይነባ። «ላብዎ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጥተው ነው የመታዎት።» ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በእጇ አሽታ፣ ጭማቂውን አፍንጫዬና ግንባሬ ላይ አሸችኝ። ቅጠሉ ይሸታል፣ ያቀላል፤ ከንፈር ሲቆስልም አገሩ ሁሉ የሚለው ምች ነው።

እኔ ግን ሞኝ አይደለሁም። ብርድ፣ ትኩሳት፣ ላብ፤ ይህን ቅደም ተከተል ለሰው ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ከማል የሚባለውን ልጄን ጠርቼ፣ «ይህ ነገር ወባ ይመስለኛል። አጎበሬ ደህና ነው? የተቀደደ ነገር የለውም?» አልሁት።

«አባ፣ አንተ ራስህ የሰቀልኸው አይደለም እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ የሰቀልሁት። ስለዚህ ወባን ከሐሳቤ አወጣሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እውቀቴ አላታለለኝም። የገዛ እውቀቴን ያስጣለኝ ከቤቴ የተነገረኝ ቃል ነው።

ሲብስብኝ ከማልና ዘይነባ ደግፈው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። በረንዳው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሁሉም ተራውን ያያል። ወረፋው ደርሶን ስንገባ ወጣት የጤና መኮንን ነው የተቀበለን፤ ትሑት ልጅ ነው።

«አባባ፣ ሰሞኑን ቆላ ወርደው ነበር?»

«አልወረድሁም።»

«በአጎበር ነው የሚተኙት?»

አፌ ደርቆ ነበር፤ ይህ ጥያቄ ግን አሳቀኝ። «ልጄ፣ ለዚህ ሰፈር አጎበር ማንጠልጠል ያስተማርሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ቤተሰቦቼ ዞረ። «እውነት ነው?»

«አዲስ አጎበር ነው» አለ ከማል። መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ለእኔ አዝኖ መሰለኝ።

«አንድ ቀን ሳይገቡበት አድረው አያውቁም» አለች ዘይነባ።

ይህችን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ አላምጫታለሁ። ሐሰት እንኳ አይደለችም። እገባበት ነበር።

ልጁ የወባውን ምርመራ ትቶ ሌላ የደም ምርመራ አዘዘ፤ ታይፎይድ ተባለ። ታይፎይድ ከቆሸሸ ውሃና ምግብ የሚመጣ የአንጀት በሽታ ነው። ለዚያ ልጅም ቢሆን የምለው አለኝ። በወባ ወቅት ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው፣ አጎበር ኖረውም አልኖረውም፣ ደሙ ለወባ መታየት አለበት። ይህን እኔ ሳልማር የማውቀውን እሱ ተምሮ ዘነጋው።

መርፌ ተወጋሁ፣ ኪኒን ዋጥሁ። ትኩሳቱ እንደ ልማዱ ትንሽ ሲለቀኝ ዘይነባ «አልሀምዱሊላህ፣ ተገኘለት» አለች። ከዚያ በባሰ ተመለሰ። ደሴ ወሰዱኝ። እዚያም ሌላ ክሊኒክ ነው፤ እዚያም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። «ታይፈስም ተጨምሮበታል» ተባለ፤ ይኼኛው ደግሞ ከቅማል የሚተላለፍ ነው አሉኝ። እኔ ይመር፣ ቅማል። ሌላ ኪኒን ተጨመረ። ለዚህ ሁሉ መመላለሻ ያሳደግሁት ወይፈን ገበያ ወጣ። ደሴ ስንጠብቅ ቁጭ ማለት አቅቶኝ ስዘም፣ አጠገቤ የነበረች የባቲ ሴት ብድግ ብላ አግዳሚውን ለቀቀችልኝ። ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሴ ሥር አደረገች፤ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። «አብሽሩ አባቴ፣ ያልፋል» አለችኝ። እሷም ታማ ነው የመጣችው። ስሟን አልጠየቅሁም፤ ዱዓዬ ላይ ግን አለች።

ከደሴ ስመለስ ምግብ እምቢ አለኝ። የዓይኔ ነጩ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቴ የከረመ ሻይ መሰለ። ሌሊት ላይ ሰው እየመጣ ሞተር አስነሳልኝ የሚለኝ ይመስለኝና እጄ ባዶ ሜዳ ላይ ብሎን ይፈታል። እህቴ ከድጃ መጥታ ስታየኝ አለቀሰች። «ደጋ አየር ይሻለዋል፤ እዚያ ዱዓም ይደረግለታል» ብላ ወደ አምባሰል ይዛኝ ወጣች። ዘይነባ አብራኝ ሄደች። ከማል አልመጣም፤ «ሐይቁ ላይ ሥራ አለብኝ» አለ።

እህቴ ቤት ሸሆቹ መጡ፣ ዱዓ ተደረገ። አሚን እያልሁ መልሼ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያኔ ነው የሐይቁ ቅሬያችን ተሰብስቦ ስለ እኔ የመከረው። ቀባሪው ማን እንደሆነ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ተነጋገሩ። አልቀየምኋቸውም፤ ቅሬ ሥራው ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ የማውቀው ሳል ተሰማኝ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ዶሮ ጠባቂው።»

ተገኘ ነው። ከዋናው መንገድ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ፣ ጫማውን አቧራ አልብሶ መጥቷል። አጠገቤ ተቀመጠና ዓይኔን አየ፤ እጄን ገልብጦ መዳፌን አየ።

«ከስተሃል። ቅሬው ለአንተ ብሎ አካፋና ዶማ አውጥቷል» አለኝ። «የመረጡልህ ቦታ ድንጋያማ ነው። ለቆፋሪዎቹ አዝንላቸዋለሁ፤ እዚያ ከምትገባ ብትድን ይሻላል።»

«አላህ ያውቃል» አልሁ። ለመሳቅ ጉልበት አልነበረኝም።

«ምን ነው አሉህ?»

«ታይፎይድ። ታይፈስም።»

«ወባስ?»

«ወባ እኔ ጋ ምን ትሠራለች? በአዲስ አጎበር የምተኛ ሰው።»

ተገኘ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ወደ ዘይነባ ዞረ። «ዘይነባ፣ እስከ ዛሬ አልነገርሽውም?»

ዘይነባ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

«ምኑን?» አልሁ።

«እኔም ከማል ይነግረዋል ብዬ ዝም አልሁ» አለ ተገኘ። «አፉ በለኝ። ይመር፣ አጎበርህ እኮ ያለው ሐይቁ ውስጥ ነው።»

የትኩሳቱ ቅዠት መሰለኝ። «የምን ሐይቅ?»

«እኛው ሐይቅ። አንተ እዚህ ሞተር ልትሠራ የመጣህ ሰሞን ከማል ወሰደው። ከሌሎች አጎበሮች ጋር ሰፍተው ቄጠማው ሥር ጥቃቅኑን ዓሣ ይጠርጉበታል፤ ለአምባዛ መንጠቆ ምግብ ይሆናቸዋል። አልጋህ ላይ ያለው የድሮው አጎበርህ ነው፤ ቀለሙ ያው ሰማያዊ ስለሆነ አልለየኸውም። አንተ በምትወጣ በምትወርድበት በኩል ተሰፍቷል። በግድግዳው በኩል ግን የእኔ ድመት ከነልጆቿ የምታልፍበት ቀዳዳ አለው።»

«ዘይነባ» አልሁ።

«አንድ ሰሞን ብቻ ተጠቅሜ እመልሰዋለሁ ብሎኝ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን አላስታውስም። ተናግሬ ከሆነ ጥሩ ነገር አልተናገርሁም።

ተገኘ ወጥቶ የአምባሰሎቹን ቅሬ ጠራ። ቃሬዛ መጣ። የማላውቃቸው ጎረምሶች ተሸክመውኝ ቁልቁል ወረዱ። አንዱ «ሽማግሌው አጥንት ብቻ ናቸው፤ ሬሳ እንዲህ ቢቀል ኖሮ ቅሬ አይሰለችም ነበር» ሲል ሌላው «ዝም በል፣ ይሰሙሃል» አለው። ሰምቻለሁ። መንገዱ ላይ ባጃጅ ተያዘልኝ፤ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ተገኘ ነርሷ ካርድ ሳትጽፍ፣ «ይህ ሰው አጎበር የለውም። ትንኝ ስትበላው ከርማለች። ደሙን ለወባ እዩልኝ» አላት። በሕይወቴ ስለ እኔ እንደዚያ ያለ የሚያዋርድ ነገር ሰው ፊት ተነግሮ አያውቅም። ያዳነኝም እሱ ነው።

ጣቴን ወጉኝ። ብዙ ሳይቆይ ነርሷ ተመልሳ መጣች። ወባ ነው፤ ያውም ሁለቱም ዓይነት አንድ ላይ። አንደኛው ቶሎ የሚገድለው ነው። ሁለተኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ዳንሁ ሲሉ የሚነሳው ነው። «ትንሽ ብትዘገዩ ወደ ጭንቅላቱ ይወጣ ነበር» አለችው ለተገኘ፤ እኔ የማልሰማ መስሏት። ጉሉኮስ ተሰካልኝ፣ የወባው መርፌ ተጀመረልኝ። በኋላም የሚዋጠው ኪኒን መጣ። ለተደበቀኛው የሚሰጠው ኪኒን ብዙ ቀን የሚወሰድ ነው፤ ሰው ሲሻለው ያቋርጠዋል። እኔ አንዷን አላጎደልሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጭንቅላቴ ጠራ፤ የአጃ ሾርባ አምሮኝ ጠጣሁ። ተገኘ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ማን ማን ያውቅ ነበር?» አልሁት።

«ማን የማያውቅ ነበር ብለህ ጠይቀኝ፤ እሱ ይቀልላል።»

«ተናገር።»

«ለፍተሻ ስትዞር እኮ ብዙዎቹ ቤት አጎበር አልነበረም፤ ተሰፍቶ ሐይቅ ገብቷል። አንተ አንዱን ቤት አይተህ ስትወጣ፣ የዚያ ቤት አጎበር በጓሮ አጥር ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራል። አንተ በደጅ ዞረህ እስክትደርስ ተሰቅሎ ይጠብቅሃል።»

ትዝ አለኝ። ጥጉ ላይ ሻማ ያቃጠለው ትንሽ ቀዳዳ ያለበት አጎበር ነበር። በአንዱ ቤት አይቼው «ይህን ድፈኑት» ብያለሁ። በሌላው ቤትም አይቼው ሻማ በዚህ ሰፈር ስንቱን አቃጠለ ብዬ ገርሞኝ ነበር። ሁሉንም «ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው» እያልሁ አመሰገንኋቸው። ስብሰባ ላይ «እኔን እዩ፣ ከእኔ ተማሩ» ስል ያ ሁሉ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማኝ ነበር። ከአምባሰል ከተመለስሁ ወዲህ ደግሞ የገዛ አጎበሬ ዓሣ እየጠረገ እንደሆነ እያወቀ።

ተገኘ ሲወጣ ዘይነባን ጠየቅኋት። «ጤና መኮንኑ ፊት ለፊትሽ ሲጠይቅሽ፣ እንዴት?»

«ሰው ፊት ምን ልበል? ይመር በቀዳዳ አጎበር ይተኛል ልበል? ስምዎ ምን ሊሆን?»

«እኔ ብሞት ስሜ ምን ያደርግልሻል?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጁ ሥራ ካጣሁ ዳግመኛ በየመን በኩል እሄዳለሁ አለኝ» አለች። «ሳዑዲ እስር ቤት እንዴት ከርሞ እንደመጣ ረስተዋል? የጓደኛው ሬሳ እንኳ ከባሕሩ አልወጣም። አንድ አጎበር ነው ብዬ ሰጠሁት።»

«እኔን ብትጠይቂኝስ?»

«ብጠይቅዎ ልጁን ቅሬው ፊት ያስነሱት ነበር» አለች።

ይህን ስትል አልቅሳ ቢሆን ይቀልልኝ ነበር። አላለቀሰችም።

ድኜ ሐይቅ ስገባ ከማል ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጉልበቴ ላይ ወደቀ። «አባ፣ አፉ በለኝ» አለ። «ወላሂ ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አላሰብሁም።» ስለ አላህ ብዬ አፉ አልሁት። «መረቡን አምጣው» አልሁት ግን። በሁለት ጓደኞቹ አሸክሞ አመጣው፤ የዓሣና የጭቃ ሽታው ግቢውን ሞላው። ጠርዙን እየገለጥሁ ሄድሁ። የአንዱ ቁራጭ ዳር ላይ፣ ውሃው ሊያጥበው ያልቻለ፣ በራሴ እጅ የተጻፈ «ይመር» አለ።

በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ያን መረብ ከነሽታው ሰው መሃል አስዘረጋሁት። ብዙ አልተናገርሁም። «የየራሳችሁን እያያችሁ ውሰዱ» አልሁ። ማንም አልተነሳም። ሴቶቹ ሻሻቸውን ሳቡ፤ ወንዶቹ በትራቸውን አዩ። በመጨረሻ ተገኘ ነው የተናገረው፤ «የእኔ እዚህ የለበትም፤ የእኔ ዶሮዎቹ ላይ ነው።» አንዳንዱ ሊስቅ ሲል ተወው። የቅሬው ዳኛ ሸህ እንድሪስ፣ «ይመር፣ በደልንህ። ምን ትላለህ?» አሉኝ።

የምለው ነበረኝ፤ አልጋ ላይ ሆኜ አስቤበታለሁ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ዞሮ አይፈትሽም፤ የፍተሻም ቀን የለም። ጎረቤት የጎረቤቱን አጎበር ባልታሰበ ሰዓት ገብቶ ያያል፤ የተቀደደ ያለው ይናገራል፤ የተናገረውን ሰው ስሙን ስብሰባ ላይ የሚያነሳ የለም። ከማልና ጓደኞቹ ደግሞ ደንበኛ የዓሣ መረብ መግዣ ቅሬው እንዲያበድራቸው ጠየቅሁ። ተስማሙ። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ አሁን ሌሎች ቅሬዎችም እየመጡ አሠራሩን ይጠይቁኛል። የእኔን አጎበር የሚያየው ተገኘ ነው። አልጋው የራሱ ይመስል «ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው እንጂ ሰውዬ» እያለ ይገባል፤ ባሻው ሰዓት።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ከዝናብ በኋላ ትኩሳትና ብርድ ሲይዛችሁ ከንፈራችሁ ቢቆስልም ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ደማችሁን ለወባ አስመርምሩ። ታይፎይድ ነው ቢሏችሁም «ወባውንስ አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደጋ ነው፣ ከተማ ነው አትበሉ፤ ትንኟ አትጠይቅም። አጎበራችሁን አራቱንም ጎን ዳስሱ፣ ግድግዳው በኩል ያለውን በተለይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የታመመ ሰው ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ እውነቱን ተናገሩ። አጎበር ከሌለው የለውም በሉ። የሽማግሌ ስም ከትኩሳት አያድንም፤ እኔ የሐይቁ ይመር ይህን ካልሁ እመኑኝ።

አሁን ጤነኛ ነኝ። ሞተር እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። አጎበሬ አዲስ ነው፤ አልጋዬ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሏል። ከማል መረቡን ገዝቶ ከነጋ ሐይቁ ላይ ነው፤ ቤቱም እንደ ቀድሞው ነው፤ ዘይነባ ትሠራለች፣ እበላለሁ። ባለፈው ኢሻ ሰግጄ ገና ጋደም እንዳልሁ ጆሮዬ ሥር ትንኝ አለች።

«ዘይነባ፣ ትንኝ ይሰማኛል» አልሁ፤ ሳላስበው፣ ከድሮ ልማድ።

«ከአጎበሩ ውጭ ናት» አለች ከጓዳ። ደግማም፣ «በአላህ፣ ውጭ ናት። ይተኙ» ብላ ጨመረች።

ተነሳሁ። ባትሪ አብርቼ አልጋውን ዞርሁ፤ አራቱንም ጎን በእጄ ዳሰስሁ፤ ጥጉን አየሁ። አንድም ቀዳዳ የለም። ትንኟ ከውጭ በኩል ጨርቁ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዘይነባ እውነቷን ነው።

መብራቱን አጥፍቼ ተመልሼ ገባሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።